ጋሽ ይመር በቁማቸው የተለቀሰላቸው ዕለት

ደሴ፣ ዋንዛ ሥር ሠፈር፣ ማለዳ፤ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ይመር ጋቢያቸውን ተከናንበው ጓዳ ገብተዋል፤ ግቢያቸው በለቅሶኛ ሞልቷል፤ የጥልፍ ሠሪዋ የአይናዲስ ልጅ ትርንጎ የጓዳውን በር በጀርባዋ ደግፋ ቆማለች።

ትርንጎ፦ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የምለምንዎ፣ ጋሽ ይመር። አንድ ሰዓት ሞተው ቢቆዩልን ምን ይጎድልብዎታል?

ጋሽ ይመር፦ ከበሩ ዘወር በዪ።

ትርንጎ፦ የኅብረት ሥራ ባለሙያዋ መጥታለች። ሰዉም ግጥም ብሏል። የቁጠባና ብድር ማኅበሩ እስኪመሠረት ድረስ ነው። ከዚያ ይነሱ፣ ማን ይከለክልዎታል።

ጋሽ ይመር፦ አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም እንዴ? በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ጓዳዬ፣ የገዛ ጋቢዬን ለብሼ፣ ሙትልኝ ትይኛለሽ?

ትርንጎ፦ ይሙቱ ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ሠፈሩ ነው። እኔ የመጣሁት አንዴ የሆነውን እንዳያበላሹት ልለምን ነው።

ጋሽ ይመር፦ ጡሩምባውን ማን አስነፋው?

ትርንጎ፦ እንድሪስ ነው የነፋው።

ጋሽ ይመር፦ ማን አስነፋው አልኩ እንጂ ማን ነፋው አላልኩም። እንድሪስ በእድሩ ለፋፊነት ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ሳይታዘዝ ትንፋሹን አያባክንም።

ትርንጎ፦ እሺ፣ እኔ ነኝ። ስብሰባ አለ ብለህ ንፋ አልኩት። ሰው ሞቷል በል አላልኩትም፤ እሱም አላለም።

ጋሽ ይመር፦ ምን ይበል? በማለዳ ጡሩምባ ከተነፋ፣ የሰው ስምና የሰው ቤት ከተጠራ፣ ቀሪውን ማን ቆሞ ይሰማል? ሴቱ ነጠላውን ያዘቀዝቃል፣ ወንዱ ዱላውን ያነሳል። ዋንዛ ሥር ጡሩምባ ለሞት ብቻ ነው። ለስብሰባ ከሰዓት በኋላ በየደጁ በአፍ ይነገራል። ይህን የማያውቅ ከጡት ያልወረደ ብቻ ነው።

ትርንጎ፦ በአፍማ ተነገረ። ሁለቴ። በመጀመሪያው አምስት ሴትና አንድ ውሻ መጣ፤ ውሻው ቀድሞ ሄደ። በሁለተኛው ዝናብ ነበርና አምስቱም ቀሩ። ባለሙያዋ ከኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ድረስ ጭቃውን ስታቦካ መጥታ፣ ባዶ ሜዳ አይታ ተመለሰች። ሦስተኛውም ካልሞላ የምመሠርተው ማኅበር ሌላ ሠፈር አለ ብላናለች። እኔም አሰብኩት። ሰው ለስብሰባ ካልመጣ፣ ለምን እንደሚመጣ ማወቅ ነው።

ጋሽ ይመር፦ ስለዚህ ገደልሽኝ።

ትርንጎ፦ ስምዎን አስጠራሁ እንጂ አልገደልኩም። የሚመጡ መስሎኝ ነበር፣ የሚያለቅሱ አልመሰለኝም። እውነቱን ልንገርዎት፣ ለእርስዎ ይህን ያህል ይለቀሳል ብዬ አልጠረጠርኩም።

ጋሽ ይመር፦ አፍሽን ሰብስቢ። ለመሆኑ ስብሰባውን እኔ ቤት ያደረገው ማን ነው?

ትርንጎ፦ እርስዎ ነዎት።

ጋሽ ይመር፦ እኔ?

ትርንጎ፦ ረሱት? እኔና እናቴ ከባለሙያዋ ጋር የእድሩን አዳራሽ ቁልፍ ልንለምን መጥተን ነበር። የለቅሶ አግዳሚ የገንዘብ ወሬ አይሸከምም ብለው ከለከሉን። ከዚያ የባለሙያዋ ፊት ሲጠቁር አዩና፣ ፈገግ ብለው፣ ምን ቸገረ፣ ቤቴ ቤታችሁ ነው፣ ግቢዬ ሰፊ ነው፣ ያሰኛችሁ ቀን ኑ አሉ። አሰኘን፣ መጣን።

ጋሽ ይመር፦ እሱ ለእንግዳ ወግ የሚባል ነገር ነው። አሳዳጊ የለሽም? እደሩ የተባለ ሁሉ ፍራሹን ተሸክሞ ይመጣል?

ትርንጎ፦ እኔ ሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። የሚባለውንና የሚታሰበውን የሚለዩበት ትምህርት ስምንተኛ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ጋሽ ይመር፦ ከልጅ ጋር አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት ያለው ወዶ አይደለም።

ትርንጎ፦ ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራል ያለውም ወዶ አይደለም።

ጋሽ ይመር፦ ተረት አትመልሺልኝ። ተረት የሽማግሌ ነው። እኔ እኮ ጡሩምባውን ስሰማ፣ ይመር ሲል፣ የወፍጮ ቤቱ ይመር አለፈ ብዬ ነጠላዬን ሳዘቀዝቅ ነበር። ደህና ሰው ነበር እያልኩ እንባዬ ሁሉ መጥቷል። ልወጣ ስል ጩኸቱ የእኔኑ በር ገፍቶ ገባ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ፣ ወጣቶቹ የእድሩን ድንኳን ተሸክመው። የመጋዘኑን ቁልፍ እንኳ ከምስማሩ ላይ አውርደውታል። እኔ በሕይወት እያለሁ ያን ቁልፍ ማን ይነካው ነበር?

ትርንጎ፦ ማንም። ለዚህ እኮ ነው ትንሽ ይቆዩ የምልዎት።

ጋሽ ይመር፦ አንቺም ዘለሽ ገብተሽ በሩን ዘጋሽብኝ። ሰዉ አስከሬኑ የታለ ሲል እየታጠቡ ነው አልሽ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ትርንጎ፦ አልዋሸሁም። ፊትዎን እየታጠቡ ነበር።

ጋሽ ይመር፦ የአባትሽ አምላክ ይይልሽ።

ትርንጎ፦ ለመሆኑ ለምን አልወጡም? እኔ እኮ አርባ ኪሎ አልሞላም። በአንድ ክንድዎ ገፍተውኝ፣ ደህና አደራችሁ ብለው መውጣት ይችሉ ነበር። ግን ጆሮዎን ከግድግዳው ላይ አላነሱም። ማን እንዳለቀሰና ማን እንዳላለቀሰ እየለዩ ነው።

ጋሽ ይመር፦ አልለየሁም።

ትርንጎ፦ የእማማ ወርቄን ሙሾ ሰሙት?

ጋሽ ይመር፦ አልሰማሁም አልኩሽ።

ትርንጎ፦ ልበልልዎት ታዲያ። ሴቱ ሁሉ እየተቀበላት ነው፦
ይመር የሞተ ለት ምን ይሆን እድሩ፣
ቁልፉን ይዞ ሄደ እንደተዘጋ በሩ።

ጋሽ ይመር፦ ሰምቼዋለሁ። ያቺ ሴትዮ ባሏ ሲሞት ከሆስፒታል ሬሳውን ተሸክሜ ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ዛሬ ለእኔ ሳይሆን ለቁልፉ ታለቅሳለች።

ትርንጎ፦ ሁለተኛውም አለ፦
ደግ ነበር ልበል፣ ወይስ ዝም ልበል፣
ምላስ ይዋሽ እንጂ ልብ አይዋሽም መሰል።

ጋሽ ይመር፦ እሱን ከራስሽ ጨምረሻል።

ትርንጎ፦ ግማሹን።

ጋሽ ይመር፦ የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባል ነበር። የእኔ ሞት ላይ ብቻ አንገቴ አጠረ ማለት ነው። ይሁን። ይበሉ። ግን ያን ማሽን ትሰሚዋለሽ?

ትርንጎ፦ የቱን ማሽን?

ጋሽ ይመር፦ ከሰርቪሱ ቤት ውስጥ ይንኳኳል። ጡሩምባው ከተነፋ ጀምሮ አላረፈም። እናትሽ ናት። ሬሳዬ ገና አልወጣም፣ እሷ በእኔ ማሽን፣ በእኔ ቤት፣ የሰው ሰርግ ልብስ ትጠልፋለች። ጠላት እንኳ ለቀብር ሥራ ይፈታል።

ትርንጎ፦ ማሽኑን ይተዉት።

ጋሽ ይመር፦ አልተውም። ለእሷ ያላደረግኩት ምን አለ? ባልዋ ጥሏት ሲሄድ፣ ሠርተሽ ብዪ እንጂ እንጀራ አትለምኚ ብዬ ማሽኔን ሰጠኋት።

ትርንጎ፦ በእኩል።

ጋሽ ይመር፦ በእኩል፣ አዎ። በእኩል ማሽን የሚሰጥ ሌላ ሰው አለ?

ትርንጎ፦ ማሽኑ የእርስዎ፣ ዓይኑ የእሷ፣ ወገቡ የእሷ፣ ክሩ የእሷ፣ ብሩ እኩል። ዓይኗ ሲደክም እኔ ከትምህርት ቤት ወጥቼ መርፌ ማስገባት ጀመርኩ። የእኔም ጣት ለእርስዎ እኩል ሆነ። ከዚያ የራሷን ማሽን ልትገዛ እርስዎ የሚዳኙት እቁብ ገባች። ዕጣው ቀደም ብሎ እንዲወጣላት ለመነችዎት። ዕጣ የሚያወጣው እግዜር ነው አሏት። አንደኛው ለዳኛው ነው ተባለ፣ እርስዎ ወሰዱ። ሁለተኛው ለአማችዎ ወጣ። ሦስተኛው ለአማችዎ ወንድም። እግዜር የእርስዎን ዘመዶች እንዴት ይወዳል እያልኩ ስገረም ነው የከረምኩት።

ጋሽ ይመር፦ አንደኛው ለዳኛ ነው። እኔ የፈጠርኩት አይደለም፣ ከአባቶቼ የመጣ ወግ ነው። ዳኛው የሸሸውን ያሳድዳል፣ የጎደለውን ይሞላል። ለዚያ ነው።

ትርንጎ፦ አማችስ ምን ይሞላል?

ጋሽ ይመር፦ ከእናትሽ የሰማሽውን ነው የምትተፊው።

ትርንጎ፦ እናቴ ስለ እርስዎ ክፉ ተናግራ አታውቅም። ይኼ ነው የሚያናድደኝ። ክፉ የምናገረው እኔ ነኝ፣ በራሴ አፍ። ደግሞ ጨርሼ አልተናገርኩም። እሷ እቁቡ እንቢ ሲላት የቁጠባና ብድር ማኅበር የሚባል እንዳለ ገበያ ላይ ሰማች። የባለሙያዋን ደጅ ጠናች። ሰው ጥቂት በጥቂት ይቆጥባል፣ የቆጠበ ይበደራል፣ አበዳሪውም ተበዳሪውም አባሉ ነው፣ ማንም የማንንም ደጅ አይጠናም አለቻት። እናቴ ያን ቀን እየዘፈነች ነው የገባችው። እርስዎ ግን በመስቀል በዓል ላይ፣ በሰው ፊት ተነስተው ምን አሉ?

ጋሽ ይመር፦ ያልኩትን አውቃለሁ።

ትርንጎ፦ እኔ ይመር በቁሜ እያለሁ ይህ ማኅበር ዋንዛ ሥር አይመሠረትም አሉ። ሰዉ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ነው ለስብሰባ ውሻ ብቻ የቀረልን። እንግዲህ ዛሬ በቁምዎ የሉም። ቃልዎን አላፈረስንም።

ጋሽ ይመር፦ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ ሞቼ ተኝቼ፣ ያቺ ባለሙያ በለቅሶ ድንኳን መሃል ተነስታ፣ እስቲ ሊቀመንበር ምረጡ ልትል ነው? ሰዉስ እንባውን ጠርጎ እጁን ሊያወጣ ነው?

ትርንጎ፦ እሱን ገና አላሰብኩበትም።

ጋሽ ይመር፦ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም።

ትርንጎ፦ ባለሙያዋም ቢሆን ግራ ገብቷታል። ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ሴቶቹ ከአዲስ አበባ የመጣች የእህትዎ ልጅ መስላቸው እግዜር ያጥናሽ እያሏት ነው። እሷም አሜን እያለች ነው።

ጋሽ ይመር፦ ጉድ ነው። እኔ እህት እንኳ የለኝም።

ትርንጎ፦ እኔ ግን ወንዶቹ የሚያወሩትን ሰምቻለሁ። ልንገርዎት ወይስ ይናደዳሉ?

ጋሽ ይመር፦ ከዚህ በላይ የምናደድበት ቦታ የለኝም።

ትርንጎ፦ አማችዎ ከድንኳኑ ጀርባ ከእቁብተኞቹ ጋር ቆሟል። ቦታው ባዶ መቆየት የለበትም እያለ ነው። ቁልፉም፣ እቁቡም፣ እድሩም ከቤተ ዘመድ እንዳይወጣ፣ እሱ ቢይዘው ጥሩ እንደሆነ በለሰለሰ አንደበት እያስረዳ ነው። አንዱ ቀብሩ ይለፍ እንጂ ሲለው፣ ቀብሩማ ያልፋል፣ ሥራ ግን አይቆምም አለው። ቁልፉን ደግሞ ከወጣቶቹ ተቀብሎ ኪሱ ከቶታል።

ጋሽ ይመር፦ ኪሱ?

ትርንጎ፦ የኮቱ የውስጥ ኪስ።

ጋሽ ይመር፦ ከበሩ ዘወር በዪ አልኩ።

ትርንጎ፦ ቆይ፣ ቆይ። ወጥተው ምን ሊሉ ነው? ይመር ለቁልፉ ብሎ ከሞት ተነሳ ሊባል? የእማማ ወርቄን ሙሾ እውነት ሊያደርጉት ነው? የልጅ ልጆችዎ ሳይቀሩ ይዘፍኑታል።

ጋሽ ይመር፦ እሱን ለእቁቡ ያበቃሁት እኔ። ዕጣውን የሰጠሁት እኔ።

ትርንጎ፦ ዕጣ የሚያወጣው እግዜር አልነበር?

ጋሽ ይመር፦ ዝም በዪ።

ትርንጎ፦ ዝም አልልም። አንድ ሰው ቁልፍም፣ ዕጣም፣ ጡሩምባም ብቻውን ሲይዝ የሚመጣው ይኼው ነው። እርስዎ ሲሞቱ ሰዉ የሚለው ማን ይጽናና ሳይሆን ማን ይያዘው ነው። ባለሙያዋ ስታስረዳን፣ በማኅበሩ ሁሉም ይመርጣል፣ የያዘውም ካላማረ ይሻራል አለች።

ጋሽ ይመር፦ ይሻራል? ማን ነው የሚሻረው? አንቺ የሠፈር ገንዘብ ምን እንደሚያደርግ አይተሽ ታውቂያለሽ? ስሚኝ፣ አንዴ አፍሽን ዘግተሽ ስሚኝ። አንቺ ሳትወለጂ፣ እናትሽም ልጅ ሳለች፣ በዚህ ሠፈር የጋራ ሱቅ ነበር። ሁሉም አዋጥቶ የቆመ። እንዲሁ ሁሉም የመረጠው ገንዘብ ያዥ አንድ ማለዳ ጠፋ። ይጥፋ፣ ገንዘብ ይተካል። ሰዉ ግን እርስ በርሱ ተጠራጠረ። አንተ ታውቅ ነበር፣ አንቺ ተካፍለሻል መባባል መጣ። ሰላምታ ቀረ። በዚያ መሃል አንዲት ባልቴት ሞተች። የሚሸከማት ጠፋ። ከእሷ ቤት ደጅ የቆመ ከእነሱ ወገን ነው ይባላል ብሎ ሁሉም በሩን ዘጋ። እኔና እንድሪስ፣ እስላምና ክርስቲያን፣ ፊትና ኋላ ሆነን በቃሬዛ ወሰድናት። ቄሱና እኛ ብቻ። ከዚያ ነው ይህን እድር በየቤቱ እየዞርኩ፣ እግር እየሳምኩ ያቆምኩት። ያኔ ማልኩ። ሰው በገንዘብ የሚገናኝበት ነገር ዳግመኛ በዚህ ሠፈር በአንድ ሰው እጅ እንጂ በብዙ እጅ አይገባም ብዬ።

ትርንጎ፦ ይህን ለማን ነግረው ያውቃሉ?

ጋሽ ይመር፦ ለማን እነግራለሁ። ያኔ በራቸውን የዘጉት ሰዎች ልጆች ናቸው ደጅ የተቀመጡት።

ትርንጎ፦ ሰውየው የጠፋው እኮ ብቻውን ስለያዘ ነው፣ ጋሽ ይመር። ማን ጠየቀው? ማን አየው? እርስዎም ፈርተው፣ ሌባው ያደረገውን ደገሙት። እርስዎ አልሰረቁ ይሆናል፣ ግን እርስዎንም የሚጠይቅ የለም። አማችዎ ኪስ ውስጥ ያለው ቁልፍ ከየት ገባ? ከእርስዎ ምስማር ነው።

ጋሽ ይመር፦ አስተማሪ ሆንሽብኝ።

ትርንጎ፦ ትምህርቱን እርስዎ አስጥለውኛል፣ የቀረኝ ማስተማር ነው።

ጋሽ ይመር፦ ስልክሽ እየጮኸ ነው።

ትርንጎ፦ የእኔ አይደለም፣ የእርስዎ ነው። አልጋው ሥር ነው። ስሙ ይታየኛል፣ እትዬ ደብሪቱ ናቸው።

ጋሽ ይመር፦ ሚስቴ? ኮምቦልቻ ልጇ ጋ አይደለችም እንዴ?

ትርንጎ፦ ነበሩ። አንድ ደግ ሰው ደውሎ አርድቷቸዋል። መኪና ውስጥ እየጮኹ እየመጡ ነው አሉ። የሐረጎን ዳገት ሳያልፉ አልቀሩም።

ጋሽ ይመር፦ የእግዜር ያለህ። ልቧ ደካማ ነው። ያን ስልክ አንሺው፣ ደህና ነው በያት።

ትርንጎ፦ እኔ አላነሳም። እርስዎ ያንሱት።

ጋሽ ይመር፦ ድምፄን ስትሰማ እዚያው ትቀራለች።

ትርንጎ፦ እንግዲያው ወጥተው በእግርዎ ይቀበሏቸው። ቀርቶብኛል፣ አይሙቱልን። ልመናዬን ቀይሬዋለሁ። ይነሱ። ግን ሲወጡ ለቁልፉ አይውጡ። እኔ ነኝ የጠራኋችሁ፣ ለማኅበሩ ነው የጠራኋችሁ ይበሏቸው። ሰዉ እንዲህ ደንግጦ፣ እንዲህ አፍሮ፣ ተቀመጡ ቢሉት ይቀመጣል፣ ምረጡ ቢሉት ይመርጣል።

ጋሽ ይመር፦ ቃሌን በልቼ? በቁሜ አይሆንም ብዬ በቁሜ ላደርገው?

ትርንጎ፦ ቃል ተበልቶ የሞተ ሰው የለም።

ጋሽ ይመር፦ ለምንድን ነው ግን አንቺ እንዲህ ድርቅ የምትዪው? የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነሽ። ማኅበር ቢቆም ባይቆም ላንቺ ምንሽ ነው?

ትርንጎ፦ እናቴ ሰኞ ጂዳ ልትሄድ ነው።

ጋሽ ይመር፦ ምን አልሽ?

ትርንጎ፦ ደላላው ፓስፖርቷን ከወሰደ ሰንብቷል። ማኅበሩ ዛሬ ከቆመ እቀራለሁ፣ የራሴን ማሽን የማገኝበት ቀን ካለ፣ ቢዘገይም በእኩል እየሠራሁ እጠብቃለሁ አለችኝ። ካልቆመ ሰኞ ማለዳ ትሳፈራለች። እኔ ከአክስቴ ጋር እቀራለሁ። ከአክስቴ ጋር ምን ዓይነት ኑሮ እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ፣ ከጎረቤት ጋር ሦስቴ አስታርቀዋታል። ለዚህ ነው ጡሩምባ ያስነፋሁት። ለሌላ ነገር ባስነፋው ኃጢአት ነው። ለእናቴ መቅረት ግን ሠፈሩን ሁሉ ገድዬ አስለቅስ ነበር።

ጋሽ ይመር፦ አልነገረችኝም።

ትርንጎ፦ ምን ብላ ትንገርዎት? በቁሜ አይሆንም ላለ ሰው?

ጋሽ ይመር፦ ጂዳ። እዚያ ማን አላት?

ትርንጎ፦ ማንም። እርስዎም እዚህ ማን እንዳለዎት ይኸው ሰሙት።

ጋሽ ይመር፦ ማሽኑ ቆመ።

ትርንጎ፦ ጨርሳለች ማለት ነው።

ጋሽ ይመር፦ ምኑን? የማን ሰርግ ነው እስቲ ቀብር የማያስጠብቅ?

ትርንጎ፦ ሰርግ አይደለም። ልነግርዎት አልፈለግኩም ነበር። አይገባዎትም ብዬ ነው፣ አሁንም አይገባዎትም። ጡሩምባው ሲነፋ ሌላው ሲጮህ እናቴ አልጮኸችም። ዝም ብላ ሻንጣዋን ከፈተች። ከሥር አቡጀዲ አስቀምጣ ነበር። አዲስ፣ ያልተነካ። ሰው አገር ብሞት እድር የለኝም፣ ማን ይገንዘኛል ብላ ለራሷ ነበር የገዛችው። ለልብስ የሚሆን ገንዘብ ሳይኖራት ለመገነዣ ገዛች። እሱን ይዛ ሰርቪሱ ቤት ገባች። ጋሽ ይመር የሠፈሩን ሬሳ ሁሉ ገንዞ የቀበረ ሰው ነው፣ ጠርዙ በተተረተረ ጨርቅ አይሄድም አለች። እስካሁን ስትዘመዝም የነበረው የእርስዎን ነው። እንባዋ ጨርቁ ላይ እንዳይፈስ ራሷን ወደ ጎን አድርጋ። ይሄኛውን እኩል አትካፈሉትም።

ጋሽ ይመር፦ ለራሷ የገዛችውን?

ትርንጎ፦ ለራሷ የገዛችውን።

ጋሽ ይመር፦ እኔ ደግሞ ማሽኑን ሳማርር።

ትርንጎ፦ የእግሯ ኮቴ ይሰማኛል። በእጇ ይዛው እየመጣች ነው፣ ሰዉም መንገድ እየለቀቀላት ነው። እንግዲህ ይተኙም ይቁሙም እርስዎ ያውቃሉ። እኔ ከበሩ ዘወር ብያለሁ።

ጋሽ ይመር፦ ክፈቺላት። አቡጀዲውን ተቀበያትና ባለሙያዋ የምትጽፍበት ጠረጴዛ ላይ አንጥፊው፤ አንደኛው ለዳኛ የሚባለውን ወግ እንድሪስ ዛሬ በጡሩምባ ቀብሮታል፤ በማኅበሩ መዝገብ አንደኛ የእናትሽ ስም ይጻፍ፣ የእኔ ከሁሉም በኋላ፣ በቁሜ።